ዙር በዙር የሚለዋወጥ ሰዓት፦ ውሃው፣ የካምቢዮው ዘይትና የሞተሩ ዘይት ስንት ዲግሪ ላይ ይሁኑ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በ1981 ሸቭሮሌት ማሊቡ ብራኬት እወዳደራለሁ (ሩጫው የሩብ ማይል ነው፤ እያንዳንዱ የሚሮጠውን ሰዓት አስቀድሞ መስታወቱ ላይ ይጽፋል)። ሞተሩ 350 ኪዩቢክ ኢንች በካርቡሬተር፣ ካምቢዮው ቱርቦ 350 የሚባለው የጄኔራል ሞተርስ አውቶማቲክ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው ኮንቨርተር ስቶሉ (መኪናው ተይዞ ሞተሩ የሚደርስበት ከፍተኛ ዙር) በደቂቃ 4,000 ዙር ነው። የውሃ ፓምፑና ፋኑ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው። የምነሳው በፉት ብሬክ ነው፣ ፍሬኑን በእግሬ ረግጬ ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ይዤ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት 11.84 እና 11.85 ሮጥኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ከሰዓት በኋላ 11.91 ሆነ። አራተኛው ላይ ምሽት 11.86 ጽፌ 11.76 ሮጠብኝና ብሬክ አውት አድርጌ (ከጻፍኩት ሰዓት ፈጥኜ) ተሸንፌ ወጣሁ። የ60 ጫማው ሰዓት ጠዋት 1.62፣ በሦስተኛው ዙር 1.62፣ በአራተኛው 1.58 ነው። ውሃው ጠዋት 160፣ ከዚያ 195፣ ምሽት 180 ፋራናይት ነበር። የአየሩ ዲኤ (የአየሩን ሙቀት፣ ግፊትና እርጥበት በከፍታ ጫማ የሚገልጸው ቁጥር) ጠዋት 1,300፣ ከሰዓት 2,100፣ ምሽት 1,500 ጫማ ነው። ያሉኝ ጌጆች የውሃ ሙቀትና የዘይት ግፊት ብቻ ናቸው። ጓደኞቼ ማኒፎልዱ (ወደ ሞተሩ አየርና ቤንዚን የሚያስገባው) ላይ በረዶ አድርግ ይሉኛል። ትክክለኛው ዲግሪ ስንት ነው?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ በረዶው ይቆየንና መጀመሪያ ስሊፖችህን፣ ከየሩጫው በኋላ የሚሰጡህን የሰዓት ወረቀቶች፣ እናንብባቸው። ቁጥሮቹን በደንብ ስለያዝክ ግማሹ መልስ እዚያው ላይ አለ።

ከአየሩ እንጀምር። እንዳንተ ያለ ቱርቦቻርጀር የሌለው ሞተር ዲኤው 1,000 ጫማ ሲጨምር በሩብ ማይል ከሰዓቱ 1 ከመቶ ገደማ ያጣል። ላንተ መኪና ይህ 0.12 ሰከንድ ነው። ጠዋት 1,300 የነበረው ከሰዓት 2,100 ሆነ፤ 800 ጫማ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ 11.84 የነበረው 11.93 አካባቢ መሆን ነበረበት። የሮጥከው 11.91 ነው። ውሃው 195 በመድረሱ ሞተሩ ደከመ ብለህ ከሆነ፣ ስሊፑ አይደግፍህም። ያቺን ዙር ያዘገየው አየሩ ነው።

አራተኛው ዙር ሌላ ነው። ዲኤው 1,500 ስለነበር የሚጠበቀው 11.86 ነው፤ አንተም ይህንኑ ጽፈሃል፣ ስሌትህ ትክክል ነበር። መኪናው ግን 0.10 ፈጠነ። ከዚህ ውስጥ 0.04 የመጣው በመጀመሪያዎቹ 60 ጫማ ነው። እዚያ ላይ የተገኘ ጥቅም መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከ0.10ሩ 0.06 እስከ 0.08 የሚሆነው ገና ስትነሳ የተወሰነ ጉዳይ ነው። በ60 ጫማ ውስጥ አየርም ሆነ ውሃ ይህን ያህል ለውጥ አያመጡም። የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ምሽት ላይ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው አስፋልት ነው፣ ሁለተኛው ኮንቨርተሩና ካምቢዮው ናቸው። አንተ ደግሞ ለካምቢዮው ጌጅ የለህም። ዓይንህን የተከልከው ጥፋተኛ ባልሆነው ፈሳሽ ላይ ነው።

ስለ «ትክክለኛው ዲግሪ» የምመልስልህ ይህን ነው። ለብራኬት ውድድር ትክክለኛው ዲግሪ መኪናው በጣም የሚፈጥንበት አይደለም፤ በየዙሩ ሳትቸገር ልትደግመው የምትችለው ነው። የሚወስነውም የጠዋቱ ዙር ሳይሆን የመጨረሻው ነው። ጠዋት በሁለት ዙር መካከል አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ታገኛለህ፤ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ላይ ግን 15 ደቂቃ ካገኘህ ዕድለኛ ነህ። ማሞቅ ሁልጊዜ ይቻላል፣ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ማቀዝቀዝ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜው ደግሞ በእጅህ አይደለም። ስለዚህ በአጭሩ እረፍት ልታወርደው የምትችለውን ዲግሪ ፈልግና የጠዋቱን ዙሮች ወደዚያ አሙቃቸው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይሄዳል፤ ጠዋት በ140 ሮጦ ያማረውን ሰዓት ሲያሳድድ ይመሻል።

ካምቢዮው፦ ትልቁ ሌባ

2,500 ዙር ላይ ፍሬን ይዘህ ስትቆም ምን እንደሚሆን በቁጥር እንየው። ኮንቨርተሩ 4,000 ላይ የሚቆመው ከሞተሩ 350 ፓውንድ ጫማ ገደማ ቶርክ ሲቀበል ነው እንበል። ኮንቨርተር የሚቀበለው ቶርክ ከዙሩ ስኩዌር ጋር ይሄዳል፤ 2,500 ላይ ወደ 137 ፓውንድ ጫማ ይወርዳል፣ ያም 65 የፈረስ ጉልበት ነው። ጎማው አይዞርም፣ መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ 65ቱም የፈረስ ጉልበት የትም መሄጃ ስለሌለው ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ኮንቨርተሩ 4 ሊትር ዘይት ይዟል ብንል፣ ያ ዘይት በእያንዳንዱ ሰከንድ ወደ 13 ፋራናይት ይሞቃል፤ በሴልሺየስ 7 ዲግሪ ነው። ጥቂቱን ብረቱ ይወስዳል፣ ጥቂቱ ወደ ኩለሩ (የዘይት ማቀዝቀዣው) ይፈስሳል፤ ግን ነገሩ ገባህ።

አሁን ይህን አስብ። አንዱ ዙር ላይ ተፎካካሪህ ቶሎ ስቴጅ ያደርግና (የመነሻው መስመር ላይ ቦታውን ይይዝና) ለ2 ሰከንድ ብቻ ትይዛለህ። ሌላው ዙር ላይ ሰውየው ይዘገይና 5 ሰከንድ ትይዛለህ። የሦስት ሰከንዷ ልዩነት ኮንቨርተሩ ውስጥ ወደ 40 ፋራናይት ልትሆን ትችላለች። የዴክስሮን 3 ዓይነት ዘይት 40 ሴልሺየስ ላይ ያለው ውፍረት 100 ሴልሺየስ ላይ ካለው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዘይቱ ሲቀጥን በካምቢዮው ውስጥ ያለው መጎተት ይቀንሳል፤ ኮንቨርተሩም ቶሎ ይነሳል። ስለዚህ መኪናው ከመስመሩ ይፈጥናል፣ የምላሽ ሰዓትህም አብሮ ይቀየራል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ዘይቱ በጎሚኖቹ በኩል ያልፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ክላቾቹ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ መኪናው መዘግየት ብቻ ሳይሆን መበላሸትም ይጀምራል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ገንዘብ አይፈልግም። የሞተሩን ዙር ከፍ የምታደርግበትን ጊዜ ቁረጥ። ፕሪስቴጅ ላይ (ከመነሻው መስመር ትንሽ ቀደም ብሎ የመጀመሪያው መብራት በሚበራበት ቦታ) ስትቆም በአይድል ቁም። የተፎካካሪህ ሁለቱም መብራቶች እስኪበሩ ወይም ሁለተኛውን መብራት የምታበራበት ያንተ ተራ እስኪደርስ ድረስ ወደ 2,500 አትውጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በየዙሩ ተመሳሳይ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ገና ፕሪስቴጅ ላይ ሳለ እግሩን ጋዝ ላይ ጭኖ ይጠብቃል፤ ያ ሰው የሚጠብቀው ኮንቨርተሩን እያፈላ ነው።

ሁለተኛው ጌጅ ነው። ሁለት ቦታ ይቻላል። አንዱ የካምቢዮው ኮፓ (ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣ) ላይ፣ ሌላው ከኮንቨርተሩ ወደ ኩለሩ በሚወጣው ቱቦ ላይ። የሚወጣው ቱቦ ላይ ያለው ሴንሰር በአንድ ጊዜ 250 እና ከዚያ በላይ ሊዘል ይችላል፤ ለማስጠንቀቂያ ጥሩ ነው፣ ለውሳኔ ግን ያወዛግባል። ኮፓው ላይ ያለው ዝግ ብሎ ስለሚንቀሳቀስ እሱን ነው ወደ መስመሩ ለመሄድ የምታየው። አንድ ብቻ የምትገዛ ከሆነ ኮፓው ላይ አድርገው። ኮፓውን አውርደህ ከፊልተሩ ራቅ ባለ ጎን፣ ዘይቱ ሁልጊዜ በሚሸፍነው ከፍታ ላይ የ1/8 ኢንች ጥርስ ያለው ቡሽ አስበይድ። ኮፓውን ስትመልስ ጓርኒሲዮኑን ቀይር፤ ብሎኖቹንም ከልክ በላይ አታጥብቃቸው፣ የቆርቆሮ ኮፓ ከንፈሩ ይታጠፍና መንጠባጠብ ይጀምራል። በመስመሩ ላይ ዘይት ያንጠባጠበ መኪና ደግሞ ውድድሩን ለሁሉም ያቆማል።

ሦስተኛው ኩለር ከራሱ ፋን ጋር ነው። የፕሌት ዓይነቱ ከቱቦ ዓይነቱ የተሻለ ነው። ቱቦው 3/8 ኢንች፣ ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ ይሁን፤ የቤንዚን ጎማ ቱቦ በሙቀት ይለሰልሳል። የትኛው ቱቦ ወጪ፣ የትኛው ገቢ እንደሆነ ካላወቅክ አንዱን ፍታና ባልዲ ውስጥ አስገብተህ ሞተሩን ለሁለት ሰከንድ አስነሳ፤ የሚተፋው ወጪው ነው። ፋኑ በራሱ ማብሪያ ይብራ፣ ከውሃው ፋን ጋር አታያይዘው። ምክንያቱም ጠዋት ላይ ውሃውን እያቀዘቀዝክ ካምቢዮውን ማሞቅ የምትፈልግበት ሰዓት ይኖራል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። የኤሌክትሪክ የውሃ ፓምፕ ሞተሩ ጠፍቶም ውሃውን ያዞራል። የካምቢዮው ፓምፕ ግን የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩን አጥፍተህ የኩለሩን ፋን ለግማሽ ሰዓት ብታበራ የምታቀዘቅዘው ኩለሩ ውስጥ ያለችውን ዘይት ብቻ ነው፤ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው እንደተቃጠለ ይቀመጣል። ከዙር ስትመለስ ፒት ውስጥ (መኪናህ በሚያርፍበት ቦታ) ሞተሩን በኒውትራል 1,000 ዙር ላይ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ከሁሉም ፋኖች ጋር አሠራው፣ ከዚያ አጥፋ። የጄኔራል ሞተርስ ካምቢዮዎች በፓርክም ዘይቱን ያዞራሉ። የድሮዎቹ የክራይስለር ቶርክፍላይቶች ግን በፓርክ ኮንቨርተሩን ስለማይሞሉ ለእነሱ ኒውትራል ግዴታ ነው።

ለመነሻ ኮፓው ላይ 160 ፋራናይት፣ ማለትም 71 ሴልሺየስ፣ ያዝ። 150 እና 170 መካከል ካለህ ጥሩ ነው። ከ200 በላይ ወደ መስመሩ አትሂድ። በመካኒኮች ዘንድ የታወቀው የአውራ ጣት ሕግ ዘይቱ ከ175 በላይ በየ20 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላል፤ 240 ላይ ቫርኒሽ መሥራት ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ ጎሚኖቹ ይደርቃሉ። የሸተተና የጠቆረ ዘይት ካየህ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አታቆየው።

ውሃው

በውሃው ላይ የተቃረኑ ሁለት ፍላጎቶች አሉ። ቀዝቃዛ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) እና ማኒፎልድ ለሚገባው አየር ጥሩ ነው፣ ሞተሩን ከማንኳኳትም ይጠብቃል። ሲሊንደሩና ዘይቱ ግን ሙቅ ሲሆኑ ነው መፋተጉ የሚቀንሰው። ለዚህ ነው ብዙ ተወዳዳሪ ውሃውን ከ160 እስከ 180፣ ዘይቱን ግን ከዚያ ከፍ አድርጎ የሚፈልገው። ላንተ ውሃውን 170 ላይ፣ 77 ሴልሺየስ፣ እንድትይዘው እመክራለሁ። 150 ላይ መኪናህ ትንሽ ሊፈጥን ይችላል፤ ነገር ግን በሐምሌ የሜሪላንድ ሙቀትና ወበቅ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከ195 ወደ 150 ማውረድ አትችልም። 170 ግን ይቻላል።

ስለ ሴንሰሩ። ማኒፎልዱ ላይ ከቴርሞስታቱ ሥር ያለው ቀዳዳ ጥሩ ነው። ፓምፑ ጠፍቶ ሞተሩ ከቆመ በኋላ የሚያሳየው ቁጥር ግን ውሸት ነው። ቴስታታው ያለውን ሙቀት ለቆመው ውሃ እየሰጠ ነው፤ ጌጁ ያለበት ቦታ አንድ ነገር ሲል ቴስታታው ሌላ ይላል። ቁጥሩን ከማመንህ በፊት ፓምፑን አንድ ደቂቃ አዙር። ውሃው ውስጥ አየር ከቀረም ሴንሰሩ እንፋሎት ውስጥ ይንሳፈፍና ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ራዲያተሩን ስትሞላ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርገህ ሙላ፣ ፓምፑን እያዞርክ አየሩን አስወጣ።

ክዳኑ 15 ፒኤስአይ ይሁን። ባሕር ጠለል ላይ ንጹሕ ውሃ በ212 ፋራናይት ይፈላል፤ 15 ፒኤስአይ ሲጨመርበት ወደ 250 ይደርሳል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ግፊት ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል፤ እዚያ ክፍት ድስት በ92 ሴልሺየስ ገደማ ነው የሚፈላው። ያረጀ ክዳን የሚያመጣው ጣጣ በዙር መካከል የሚተፋ ራዲያተር ነው። የሚተፋው የሚጠራቀምበት ቢያንስ አንድ ፓይንት የሚይዝ ዕቃ በኤንኤችአርኤ (የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር) ደንብ ግዴታ ነው፣ ሳይኖርህ ቴክ ላይ (የመኪና ምርመራው ላይ) ይመልሱሃል። ብዙ የውድድር ሜዳዎች አንቲፍሪዝ ይከለክላሉ፤ ከፈሰሰ አስፋልቱን ያንሸራትታል፣ ማጽዳቱም ከባድ ነው። ንጹሕ ውሃ ከዝገት መከላከያ ጋር ተጠቀም። ይህ ማለት ግን የብርዱ ወቅት ሲገባ ብሎኩን ማድረቅ አለብህ ማለት ነው። ራዲያተሩን ብቻ ማፍሰስ አይበቃም፤ በብሎኩ ግራና ቀኝ ከኮፓው ከፍ ብሎ ያሉትን ቡሾችም ፍታ። በአንድ የታኅሣሥ ሌሊት የተሰነጠቀ ብሎክ በቀላሉ አይጠገንም።

ቴርሞስታት የለህም ብዬ አስባለሁ። ከሌለህ በቦታው ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ ሰሌዳ አድርግ፣ ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ ሳይቆይ እንዳይሮጥ ሳይሆን በቴስታታው ውስጥ ግፊት እንዲኖር። ከዚያ ፓምፑና ፋኑ በሩጫው ጊዜ ይብሩ ወይስ ይጥፉ? ዋናው አንዱን መርጠህ አለመቀየር ነው። እኔ ፓምፑ ይብራ፣ ፋኑ ይጥፋ እላለሁ፤ ፋን ከ20 አምፔር በላይ ሊበላ ይችላል፣ መኪናው ሲሮጥ ደግሞ ነፋሱ ራሱ አለ። ዲናሞ ከሌለህ ይህ የሙቀት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ባትሪው ከ12.7 ወደ 12.2 ቮልት ሲወርድ የውሃ ፓምፑ ይዘገያል፣ የቤንዚን ፓምፑ ይዘገያል፣ ሻማውም ይደክማል። በየዙሩ ቻርጀሩን ሰካ፣ ከመሄድህ በፊትም ቮልቱን ጻፍ።

የሞተር ዘይትና ዲፈረንሻል

የሞተር ዘይት እንደ ውሃ ቶሎ አይሞቅም። ውሃው 170 ሲል ዘይቱ ገና 110 ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ላይ ከተለመደው ሰዓቱ የሚዘገይ መኪና ብዙ ጊዜ ይህ ነው ችግሩ። 10W-30 ዘይት 40 ሴልሺየስ ላይ ያለው ውፍረት 100 ላይ ካለው ስድስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ያን ወፍራም ዘይት የሚገፋው የዘይት ፓምፕ ጉልበቱን ከክራንኩ ነው የሚወስደው። ኮፓው ሥር የሚለጠፍ የሲሊኮን ማሞቂያ ጥሩ ዕቃ ነው። 250 ዋት የሆነው 5 ኳርት ዘይትን 50 ሴልሺየስ ለማሞቅ በስሌት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ በተግባር ብረቱና ነፋሱ ስለሚወስዱበት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ስጠው። ፒት ውስጥ ጄኔሬተር ካለህ ስትደርስ መጀመሪያ የምትሰካው እሱን ይሁን።

ፕሪስቴጅ ላይ ዘይቱ 160 ይድረስ፣ 180 ቢሆን ይመረጣል። ከ130 በታች ሳለ ሙሉ ጋዝ አትስጠው፣ ኩሽኔታዎቹን ትበላለህ። በአጭር ሩጫ ብቻ የሚኖር ሞተር ዘይቱ ውስጥ የገባውን ውኃና ቤንዚን አትንኖ አያወጣም። የቫልቭ ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ካየህ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ ብለህ ከመደንገጥህ በፊት ዘይቱን ቀይርና ሞተሩን በደንብ አሙቀህ ደግመህ ተመልከት። ውሃው ከራዲያተሩ ካልጎደለ ብዙውን ጊዜ የአየር ጤዛ ነው።

የዲፈረንሻል ዘይት የሚሞቀው በመሄድ ብቻ ስለሆነ የዕለቱ የመጀመሪያ ሩጫ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ ዲያል የምታደርገውን (መስታወቱ ላይ የምትጽፈውን) ሰዓት ከመጀመሪያው ሙከራ አታውጣ። ጎማውን አንስተህ ማሞቅ ከፈለግክ በትክክለኛ ማቆሚያ ላይ፣ መሪው ላይ የሚነዳ ሰው ተቀምጦ ብቻ። ሙቀቱን በሌዘር ቴርሞሜትር ስትለካ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየምና ክሮም በጣም ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ የሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁር ቀለም ቀብተህ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ለካ።

በረዶውና ቤንዚኑ

የጓደኞችህ ምክር ለአንድ ሩጫ ይሠራል። ሰዓት ለመስበር የሚሮጥ ሰው ማኒፎልዱን በበረዶ ቢያቀዘቅዝ ይጠቀማል። አንተ ግን በየዙሩ ተመሳሳይ መሆን ነው የምትፈልገው፤ የበረዶው መጠን፣ የቆየበት ደቂቃና የቀለጠው ሁሉ አዲስ ተለዋዋጭ ነው። ፍጻሜ ላይ ደግሞ ለበረዶ ጊዜ የለህም፤ ጠዋት በበረዶ የጻፍከው ቁጥር ማታ ያለ በረዶ ይከዳሃል። ከሁሉ የከፋው መስመሩ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው፤ ያንተው ጎማ ሥር ይገባል፣ ውድድሩን የሚያስጀምረው ሰው ካየው ይመልስሃል። ይልቅ ኮፈኑን ክፈትና የፒት ፋን ካርቡሬተሩ ላይ ለ10 ደቂቃ አድርግ፣ ሁልጊዜ 10።

ካርቡሬተሩ ሥር የአንድ ኢንች የፌኖሊክ ስፔሰር ካላደረግክ አድርግ፤ ከማኒፎልዱ ወደ ሳህኑ (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምበት) የሚወጣውን ሙቀት ይቆርጣል። በሰልፉ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም ሳህኑ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይሞቃል፣ የተራ ማደያ ቤንዚን ሊፈላም ይችላል። የዚህ ምልክቱ ሞተሩ ሲነሳ ማፈንና ጥቁር ጭስ፣ ከዚያም በመጀመሪያው ማርሽ ላይ አንድ ጊዜ መደናቀፍ ነው። ቤንዚኑን በመመለሻ መስመር የሚያዞር ፓምፕ ካለህ ታንኩን ከግማሽ በታች አታድርግ፤ ትንሽ ቤንዚን እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። በየዙሩ እስከ አንድ ምልክት ሙላ። አንድ ጋሎን 6 ፓውንድ ገደማ ነው፣ 100 ፓውንድ ደግሞ በሩብ ማይል አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ይባላል፤ ሦስት ጋሎን የጎደለ ታንክ ወደ 0.02 ይሰጥሃል።

ፉት ብሬክ ስለምትይዝ የፍሬን ዘይቱንም አትርሳው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን 205 ሴልሺየስ፣ እርጥበት ሲጠጣ 140 ላይ ይፈላል፤ ዶት 4 230 እና 155። በዓመት አንድ ጊዜ ቀይር። መኪናው በ2,500 ዙር መብራቱን እየገፋ ከሾለከ መጀመሪያ ፍሬኑን ጠርጥር።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጨረሻውን መስመር ካለፍክ በኋላ ፓምፕና ሁለቱንም ፋኖች አብራ፣ በመመለሻው መንገድ ሞተሩን አታጥፋ። ፒት ስትደርስ በኒውትራል 2 ደቂቃ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ጊዜ ካገኘህ ውሃውን እስከ 130 አውርደው። ከዚያ በታች አታውርድ፣ ዘይቱን ታቀዘቅዛለህ። ስትጠራ ወደ ሰልፉ በራስህ ሞተር ሂድ፣ አትጎተት፤ መንዳቱ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ያሞቃል። ከፊትህ ሦስት ጥንድ ሲቀሩ ፓምፑን አንድ ደቂቃ አዙረህ አንብብ። ውሃው ከ150 በታች ከሆነ አሁኑኑ አስነሳ፤ ከ160 በላይ ከሆነ ፋኑን አብራና የመጨረሻው ጥንድ እስኪሄድ ጠብቅ። በርንአውት ሳጥን ውስጥ (ጎማውን እያሽከረከርክ በምታሞቅበት ቦታ) 155 ወይም 160 ሆነህ ከገባህ ፕሪስቴጅ ላይ 170 አካባቢ ትገኛለህ። የበርንአውቱን ርዝመት በሰከንድ ቁጠረው፣ እሱም ካምቢዮውን ያሞቃል። ሦስቱን ቁጥሮች፣ ውሃ፣ ካምቢዮ፣ ዘይት፣ ከስሊፑ ጀርባ ላይ ጻፍ።

በአዲስ ማስታንግ ወይም ካማሮ የምትወዳደሩ ይህን ብታነቡ፣ እናንተ ጋ የሚጨመረው ኮምፒዩተሩ ነው። የሚገባው አየር ወይም ውሃው ከተወሰነ ዲግሪ ሲያልፍ ማቀጣጠያውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ለውጡም ቀስ በቀስ ሳይሆን በደረጃ ነው የሚመጣው። ከዚያ ደረጃ በታች በቂ ርቀት ላይ ቁሙ።

ከሚቀጥለው ውድድር በፊት አንድ የሙከራ ቀን ያስፈልግሃል። ሦስት ሩጫ በውሃ 170፣ በካምቢዮ 160 ሩጥና መሠረትህን አግኝ። ከዚያ ውሃውን 170 ላይ ይዘህ ካምቢዮውን 190 አድርግና ሁለት ጊዜ ሩጥ፤ የ60 እና የ330 ጫማውን ሰዓት አወዳድር። ከዚያ ካምቢዮውን 160 መልሰህ ውሃውን 190 አድርግ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትቀይር። ዲኤውን በእያንዳንዱ ሩጫ መዝግብና ከላይ ባለው ሒሳብ አስተካክል። ሙከራውን በተቻለ መጠን አስፋልቱ ሳይቀዘቅዝ ቀን ላይ ጨርስ፤ አለበለዚያ የጎማውን ጥቅም ለካምቢዮው ትሰጠዋለህ። ካምቢዮው 30 ዲግሪ ሲጨምር 60 ጫማህ ከ1.62 ወደ 1.59 ወይም 1.58 ከወረደ የቅዳሜውን ሌባ ይዘኸዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በአጭር እረፍት 190 ይዘህ ብትጠራ መኪናውን ለማቀዝቀዝ አትሯሯጥ፣ መስታወቱ ላይ የምትጽፈውን ቁጥር ብቻ በዚያው ልክ አውርደው። ካልወረደ ደግሞ ካምቢዮውን ተወውና የጎማህን ግፊት በየዙሩ መጻፍ ጀምር።